ፊት እንዲታይ፦ በስልክ ፎቶ ስናነሣ ስለ ፍላሽና ስለ ብርሃን ልክ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



የአባላት መዝገብ ከፎቶግራፍ ጋር እንዲሆን መወሰናችን ይታወሳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኀዘን በደረሰ ጊዜ ስም ብቻ ሰውን አይለይም፤ በአንገቱ ስንት መሐመድ፣ ስንት ከድር አለ! ከዚያ ወዲህ ብዙ ፎቶ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ብዙዎቹ ነጠላው በርቶ ፊቱ የጠቆረ፣ ወይም ግንባሩ አብለጭልጮ ዓይኑ የማይለይ ሆነው አግኝተናቸዋል። ጥፋቱ የሰዎቹ መልክ አይደለም፤ ስልኩም አልተበላሸም። ብርሃኑ ስላልተለካ ነው።

ጉዳዩ የመዝገብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሰፈራችን አንድ ፎቶ ብቻ ያላቸው ሽማግሌዎች አሉ። አባት ሲያልፍ ልጆች ያችኑ አንዲት ፎቶ ይዘው ደሎ መና ወይም ጎባ ድረስ ሄደው ያሳጥባሉ። የጠቆረ ፊት ሲተለቅ ያው የጠቆረ ነው። ስለዚህ ሰው በሕይወት ሳለ በደንብ ማንሣት ይገባል።

አንደኛ፤ ስለ ብርሃን ልክ።

ካሜራ የቱ ፊት፣ የቱ ልብስ እንደሆነ ሁልጊዜ አይለይም። የሚያየውን ሁሉ በአንድ ላይ ደምሮ መካከለኛ ብርሃን ሊያደርገው ይሞክራል። ከሰውየው ጀርባ ሰማይ ወይም ክፍት በር ካለ፣ ወይም ነጭ ነጠላ ከለበሰ፣ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ፊት ይጠቁራል። ቤቱ ጨለማ፣ ልብሱም ጥቁር ከሆነ ደግሞ «ብርሃን አነሰ» ብሎ ይጨምራል፤ ፊትም ያለ ልክ ይነጣል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከማንሣታችን በፊት በስልኩ መስተዋት ላይ የሰውየውን ፊት በጣት እንንካ። በብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ትመጣለች፤ አጠገቧም የፀሐይ ምልክት ትታያለች። ፀሐይቱን በጣት ወደ ላይ ቢገፏት ፎቶው ይበራል፤ ወደ ታች ቢስቧት ይጨልማል። ነጭ ለለበሰ ጥቂት ከፍ፣ ጥቁር ለለበሰ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው። ግን አይብዛ። ትንሽ የጠቆረ ፎቶ በኋላ ሊታረም ይችላል፤ ፈጽሞ የነጣ ግን አይመለስም።

«የኛ መልክ ፎቶ አይወድም» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቀለም የሚያስተካክለው ሸርሊ ተብሎ በሚጠራ የነጭ ሴት ፎቶ ባለበት ካርድ ነበር። ፊልሙ ለነጭ ቆዳ ሲለካ ኖሮ ጥቁር ፊት ቢበላሽ ምን ይገርማል! ዛሬ ነገሩ እየተሻሻለ ነው። ቴክኖ የሚባለውን ስልክ የሚሠራው የቻይና ኩባንያ ካሜራውን ለጥቁር ቆዳ በማስተካከሉ ይታወቃል፤ ጉግልም በ2021 (እ.ኤ.አ.) ለዚሁ ዓላማ የራሱን ዘዴ አውጥቷል። ይሁን እንጂ የትኛውም ስልክ ቢሆን ጣታችንን ይፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ስለ ፍላሽ።

ፍላሽ የምንለው ማታ መንገድ የምናበራባት የስልኩ መብራት ናት። ጉልበቷ ትንሽ ነው። በአንድ ሜትር ላይ ያላት ብርሃን በሁለት ሜትር ላይ ሩብ ብቻ ይሆናል፤ በሦስት ሜትር ላይ ከዘጠኝ አንድ እጅ ይቀራል። ስለዚህ ማታ በሠርግ ዳስ ከዳር ቆሞ ፍላሽ ማብራት ባትሪ መጨረስ ነው። ሳነቴ ላይ ከሩቅ ያለ ቀይ ቀበሮም በፍላሽ አይደረስም፤ አውሬውንም ማስደንገጥ ነው። በጣም መቅረብም አይበጅም፤ ግንባርና አፍንጫ ይነጣል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ደህና ነው።

ብዙ ሰው ፍላሹን ስልኩ ራሱ እንዲወስን ይተወዋል። ማጥፋቱ ይሻላል፤ ሲያስፈልግ ብቻ እናብራው።

የሚበራበት ጊዜ፦ በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ወይም ሰው ባርኔጣ ሲያደርግ ዓይን በጥላ ይሸፈናል። ያኔ ቀረብ ብሎ ፍላሽ ማብራት ጥላውን ያቀለዋል። በቀን ፍላሽ ሲበራ የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ።

የማይበራበት ጊዜ፦ የሐረና ጉም ሲወርድና ቤት ውስጥ ጭስ ሲኖር። መብራቷ የጉሙን ጠብታና ጭሱን ታበራና ፎቶው ነጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል። መታወቂያ፣ የመሬት ደብተርና በመስተዋት ውስጥ ያለ የቆየ ፎቶ ሲነሣም እንዲሁ፤ መሐሉ ላይ ነጭ ብልጭታ ወድቆ ጽሑፉ አይነበብም። ወረቀቱን ፀሐይ በማይነካው በር አጠገብ አስቀምጦ፣ የራስን ጥላ ሳይጥሉ ማንሣት ነው። ቡናችሁን አልጋ ላይ እንዳለ ለገዢ የምትልኩም በፍላሽ አታንሡ፤ የእሸቱ ቀለም ይለወጣል፣ ገዢም ሲያየው ሌላ ይመስለዋል።

ለመዝገቡ ፎቶ ከሁሉ የሚሻለው ፍላሽ ሳይሆን በር ነው። ሰውየው ከበሩ ገባ ብሎ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይቀመጥ፤ አንሺው ብርሃኑን እንዳይጋርድ ወደ ጎን ይቁም። ጧት እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ10 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የካሜራውን ዓይን በንጹሕ ጨርቅ እንጥረገው። በቅቤ እጅ የተነካ ካሜራ ጉም ያለበት ያስመስላል።

ሦስተኛ፤ ይህን በተለይ እናቶች ስሙን።

ሕፃን በፍላሽ ሲነሣ የዓይኑ ብሌን ቀይ ሆኖ ቢታይ አያስፈራም፤ መብራቱ ከዓይን ውስጠኛ ክፍል ደም ሥሮች ላይ ተመልሶ ነው። ነገር ግን ብሌኑ በአንድ ዓይን ወይም በሁለቱም ነጭ ሆኖ ከታየ፣ በተለይም በሌላም ፎቶ ከተደገመ፣ ዝም አይባልም። ሁልጊዜ በሽታ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ልጁ ወደ ጎን ስላየ ይሆናል። ሆኖም የዓይን ሞራ፣ ወይም ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ይይዛል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል፣ ከዘገየ ግን ዓይንንም ሕይወትንም ያሳጣል። ፎቶውን ሳታጠፉ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የዓይን ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል እንዲላክም ጠይቁ።

በመጨረሻም፤ ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሣት፣ በለቅሶ ቤትም ፍላሽ ማብራት ነውር መሆኑን ወጣቶች እንዳትረሱ። ስልክ የያዛችሁ ልጆች ከጎረቤት ያሉትን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች እየዞራችሁ እንድታነሡልን እንለምናለን። ፊቱ ይታይ፣ ጀርባው ባዶ ግድግዳ ይሁን፤ ሻሽም ሆነ ሒጃብ ፊት እስካልሸፈነ ድረስ አይወልቅም። አይተን ፊቱ ያልታየውን መልሰን እናስነሣለን እንጂ ለማሳጠቢያ ገንዘብ አናወጣም።