የናሱ እባብና የሕዝቅያስ ፋሲካ



አምልኮ ወደ ባዶ ልማድ እንዴት እንደሚወርድ ለሚመረምር ሰው፥ በዚህች በኢየሩሳሌም የነገሠው የሕዝቅያስ ታሪክ ግልጥ ምሳሌ ነው። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራ ነበር። እርሱን አይቶ ከሞት የተረፈ ሕዝብ እባቡን በክብር ቢያኖረው አያስነቅፈውም። ዳሩ ግን ዘመን ሲረዝም ያዳነው አምላክ ተረሳ፤ ናሱም ቀረ፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እስራኤል ለናሱ ያጥኑለት ነበር። መጽሐፉ ዕጣኑ ጐደለ፥ አጣኙም ሰነፈ አይልም። የጠፋው፥ ዕጣኑ ለማን እንደሚገባ ማወቅ ነው። ሕዝቅያስም እባቡን ሰባበረው።

ከዚህ ተነሥቶ ሥርዓት ሁሉ ይጣል የሚል ቢኖር ታሪኩን በግማሽ አንብቧል። ይኸው ንጉሥ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት፥ አባቱ አካዝ የዘጋውን የቤተ መቅደስ ደጅ ከፈተ፤ ሌዋውያንንም ከነጸናጽላቸውና ከነበገናቸው አቆመ። የተቀደሱት ካህናት ስላልበቁ፥ ሕዝቡም ስላልተሰበሰበ፥ ፋሲካውን በሁለተኛው ወር አደረገ። ከኤፍሬምና ከምናሴ፥ ከይሳኮርና ከዛብሎን የመጡት ብዙዎች ሳይነጹ በሉ። እንደ ሕጉ ቢሆን ባልተፈቀደላቸው ነበር። ንጉሡ ግን እግዚአብሔርን በልባቸው ለፈለጉት ሁሉ ማለደ፤ ልመናውም ተሰማ። እንግዲህ በአንድ ንጉሥ ዘመን ዕጣን ያልተለየው ናስ ተሰበረ፤ ሥርዓቱ የጐደለው ፋሲካ ግን ተቀባይነት አገኘ።

ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ኤርምያስ በዚያው ቤተ መቅደስ ደጅ ቆሞ፥ የቤቱን ስም እየደጋገሙ ድሀ አደጉንና መበለቲቱን የሚገፉትን ገሠጸ። ቤቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ፈረሰ።

በኢትዮጵያ ቅዳሴ ዲያቆኑ የተቀመጡትን ተነሡ ብሎ የሚያዝዘው፥ ሕዝቡ አስቀድሞ በእግሩ ቆሞ ሳለ ነው። በመቋሚያ ተደግፎ ለቆመ ሰው የሚነሣለት ልቡ ብቻ ነው። ከመስማት ብዛት ግን ጆሮ ትእዛዙን ይለምደዋል፤ አፍም ተሰጥዎውን ከልብ ቀድሞ ይመልሳል። የዕለት ዳዊቱን የሚደግም መነኩሴም፥ ስንት መዝሙር እንደ ቀረው እያወቀ ምን እንደ ለመነ የማያውቅበት ቀን አለ፤ ይህም ከትጉሃን ይልቅ በሰነፎች ላይ ይደርሳል ማለት አይቻልም። ግእዝ ያልተማረች ተሳላሚ በጎልጎታ ሻማ ስታበራ የምትለምነውን ታውቃለች፤ ማንን እንደምትለምንም አትስትም።