ምልክት ያለባቸው ፊደሎች በኢሜይል አድራሻ ሲገኙ ፕሮግራም እንዴት እንዲልክ ይገባል



የግእዝን ትምህርት የቀመሰ ሰው ሁሉ ሠረቀና ሰረቀ አንድ እንዳይደሉ ያውቃል። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ፥ በራ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን የሌባ ሥራ ነው። ፈረንሳዮችም ይህን የመሰለ ነገር አላቸው። «ፔሸር» በሚሉት ቃል ውስጥ በፊተኛይቱ የኤ ፊደል ራስ ላይ እንደ ቆብ ያለ ምልክት ቢደረግ ዓሣ አጥማጅ ማለት ይሆናል፤ በቆቡ ፈንታ አንዲት ዘንበል ያለች ጭረት ብትደረግ ግን ኃጢአተኛ ማለት ነው። እንግዲህ ምልክቲቱን ለጌጥ የተጨመረች አድርጎ የሚቈጥር ሰው ተሳስቷል።

ኢሜይል ሲጀመር ግን ይህ አልታሰበም። በአሜሪካ አገር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. የወጣው አስኪ የተባለው የፊደል ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከእንግሊዝኛ ፊደል፥ ከቍጥር፥ ከነጥቦችና ከመኪና ትእዛዞች በቀር የሚያስገባው አልነበረም። በ1982 የወጣው የኢሜይል መላኪያ ደንብም አድራሻ በዚሁ ብቻ እንዲጻፍ አዘዘ።

የደብዳቤው ቃልና የተቀባዩ ስም በ1990ዎቹ ዓመታት መፍትሔ አገኙ፤ ይኸውም ላኪው ምልክት ያለበትን ፊደል በአስኪ ፊደሎች ለውጦ ይልከዋል፥ ተቀባዩም ይመልሰዋል። በአድራሻው ግን ችግሩ ሌላ ነው። አድራሻ «አት» በምትባለው ምልክት ሁለት ወገን ይሆናል። በስተቀኝ ያለው የቤቱ ስም ነው፤ እርሱ በ2003 በወጣው ፒዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት ወደ አስኪ ይለወጣል። በስተግራ ያለው የሰውዬው ስም ሲሆን፥ ይህን ለመተርጐም ሥልጣን ያለው የተቀባዩ ሰርቨር ብቻ ነው። በመንገድ ያለ ማንም ሊለውጠው አይገባም፤ ፒዩኒኮድም ለዚህ ወገን አልተሠራም።

ከዚህ ላይ ነው ብዙ የፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚሰናከሉት። ቸኵለው ምልክቲቱን ይፍቁና ደብዳቤውን ይልካሉ። ምልክት የሌለበት አድራሻ ባለቤት የሌለው ቢሆን ደብዳቤው ይመለሳል፤ ይህ የሚሻለው ነው። ነገር ግን ያ አድራሻ የሌላ ሰው ቢሆን የአንዱ የደመወዝ ወይም የሕመም ወረቀት በባዕድ እጅ ይገባል፤ ላኪውም ደርሷል ብሎ ይተኛል። ሌሎቹ ደግሞ አድራሻውን «ስሕተት ነው» ብለው ይመልሱታል፤ አባትና እናት ያወጡለትን ስም ስሕተት ነው መባል ለሰው ምን ያህል እንደሚከብድ የታወቀ ነው።

ትክክለኛው መንገድ በ2012 በወጣው ደንብ ተሠርቷል። ላኪው ሰርቨር ተቀባዩን ሰላም ሲለው ተቀባዩ የሚችለውን ሁሉ ይዘረዝርለታል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ «ኤስ ኤም ቲ ፒ ዩ ቲ ኤፍ 8» የሚል ቃል ከተገኘ አድራሻው ሳይፈቅና ሳይለወጥ እንዳለ ይላካል። ቃሉ ካልተገኘ ግን ላኪው ማቆም አለበት። በመካከል ያሉት ሰርቨሮችም ሁሉ ይህን መቀበል ይገባቸዋል፤ አንዱ ቢያቅተው ደብዳቤው ከዚያ ይመለሳል። ጂሜይል ከ2014፥ ፖስትፊክስ የሚባለው ፕሮግራም ከ2015 ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ያልተቀበሉትም ገና ብዙ ናቸው። በፓይተን ለሚጽፍ ሰው ከ2015 ወዲህ ያለው ሦስት ነጥብ አምስት እትም ይህን ያውቃል፤ «ሰንድ ሜሴጅ» የሚባለው ትእዛዝ የሰርቨሩን ዝርዝር ራሱ ይመለከታል፥ ቃሉን ካጣ ስሕተት መሆኑን አስታውቆ ይቆማል። ያን ስሕተት ደብቆ ማለፍ ምልክቲቱን ከመፋቅ አይሻልም።

አንድ ረቂቅ ነገርም አለ። ጭረት ያለባት ኤ በሁለት መንገድ ትጻፋለች፤ አንድም እንደ አንዲት ፊደል ሆና፥ አንድም ፊደሏና ጭረቷ ተለይተው። ለዓይን አንድ ናቸው፥ ለመኪና ግን ሁለት ናቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙ አድራሻውን ከማኖሩ በፊት ወደ አንዲቱ አጻጻፍ ይመልሰው።

የእኛ ፊደልም በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ገብቷል፤ ጭረት ያለባት የፈረንሳይ ፊደል ሁለት ባይት ስትይዝ የእኛይቱ ሦስት ትይዛለች፥ የምትሄድበት ደንብ ግን ያው የ2012ቱ ነው። ሰርቨሩ እንቢ ባለ ጊዜ ፕሮግራሙ ሰውዬውን ሌላ በአስኪ የተጻፈ አድራሻ እንዲሰጥ ይጠይቀው፤ ራሱ ፈጥሮ አይጻፍለት።