የማይታየው የጋራ ሀብት፤ የሬዲዮ ሞገድን በቁጠባና በፍትሕ ስለ መጠቀም

(ለኮሚሽኑ የመስክ ፕሮጀክት አስተባባሪዎችና የመረጃ ሠራተኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንነጋገርበት የተሰጠን ርእስ ከወትሮው ሥራችን የራቀ ሊመስል ይችላል። ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ እርከን፣ ስለ ችግኝ ጣቢያና ስለ ዘር ብድር ስንወያይ ኖረናል፤ ስለ ሬዲዮ ሞገድ ግን እምብዛም አንነጋገርም። ይሁን እንጂ ዛሬ የተረጂዎች ስም ዝርዝር ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚደርሰው በዚሁ ሞገድ ነው። ገበሬው የገበያ ዋጋ የሚጠይቀው፣ ጤና ጣቢያው አምቡላንስ የሚጠራው፣ በዓረብ ሀገር ያለች ልጅ የላከችው ገንዘብ መድረሱን እናት የምታውቀው በእርሱ ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ሲጨናነቅ የሚዘገየው ወሬ ብቻ አይደለም፤ እህልም ይዘገያል።

ለመሆኑ ይህ ሞገድ ምንድን ነው? በዓይን የማይታይ፣ በእጅ የማይዳሰስ፣ ነገር ግን ልክና ወሰን ያለው የተፈጥሮ ሀብት ነው። ለሬዲዮ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለአውሮፕላን፣ ለሳተላይትና ለእጅ ስልክ የሚውለው ሁሉ ከአንድ ስፔክትረም ተከፋፍሎ የተሰጠ ነው። እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ዛሬ የተጠቀምንበት ሞገድ ነገም እንዳለ ይገኛል። ነገር ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ሥፍራ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ቢናገሩ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያበላሻል። ስለዚህ የሞገድ ችግር የማለቅ ችግር ሳይሆን የመካፈል ችግር ነው።

በመስኖ አካባቢ የምትሠሩ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። አንድ ወንዝ ለብዙ ማሳ ሲከፈል የውኃ አባት ይመረጣል፤ ለእያንዳንዱ ተራ ይሰጠዋል፤ ተራውን ያልጠበቀ ይወቀሳል፤ ቦዩ የሚያፈስበትም እንዲጠግን ይታዘዛል። የሬዲዮ ሞገድም እንዲሁ የውኃ አባት ያስፈልገዋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን የሚያስተባብረው እ.ኤ.አ. በ1865 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። በሀገራችንም በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይህን ኃላፊነት ተረክቧል።

ሞገድን በአግባቡ መጠቀም ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በአሜሪካ የመኪና ስልክ አገልግሎት በሴንት ሉዊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲጀመር አንድ ከፍተኛ ማሠራጫ ከተማውን ሁሉ እንዲሸፍን ተደርጎ ነበር። አንድ ቻናል አንድ ሰው ከያዘው በከተማው ውስጥ ሌላ ማንም ሊጠቀምበት አይችልም ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ እንደ ኒው ዮርክ ያለ ታላቅ ከተማ በ12 ቻናሎች ያገለግል የነበረው 545 ደንበኞችን ብቻ ሲሆን፣ ተራ የሚጠብቁት ግን ከ3,000 በላይ ነበሩ።

መፍትሔው የተገኘው ተጨማሪ ሞገድ በመፈለግ ብቻ አልነበረም። የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1947 ያቀረቡት ሐሳብ፣ አንዱን ታላቅ ማሠራጫ ትቶ ሀገሩን በትንንሽ ክፍሎች መከፋፈል፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አነስተኛ ኃይል ያለው ማማ መትከል የሚል ነበር። ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ ሞገዱ ሩቅ አይሄድም፤ ሩቅ ስለማይሄድም ያው ፍሪኩዌንሲ ጥቂት ራቅ ብሎ ለሌላ ሰው ያገለግላል። ሐሳቡ በሥራ ላይ እስኪውል ከ30 ዓመት በላይ ወስዷል፤ በቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1979፣ በቺካጎ ደግሞ በ1983 ለሕዝብ አገልግሎት በቃ።

ይህን በቁጥር እናስረዳ። በሁለተኛው ትውልድ ስልክ፣ ጂ.ኤስ.ኤም. በሚባለው፣ በ900 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የተመደበው መደበኛ ባንድ በ124 ቻናሎች ይከፈላል። እያንዳንዱ ቻናል ደግሞ ጊዜውን ለ8 ተናጋሪዎች በየተራ ያካፍላል። 124 በ8 ሲባዛ 992 ይሆናል። አንድ ማሠራጫ ብቻ ሀገሩን ሁሉ ቢሸፍን ኖሮ በአንድ ጊዜ መነጋገር የሚችለው ከ1,000 ያነሰ ሰው ነበር። ቻናሎቹ ግን ለ12 ክፍሎች ቢከፋፈሉ እያንዳንዱ ክፍል ወደ 10 ቻናል፣ ማለትም ወደ 80 የንግግር ተራ ያገኛል። ይህ አደላደል በሀገሩ ላይ እየተደጋገመ 1,000 ክፍል ቢደርስ 80,000 ያህል ይሆናል። ከዚህ ላይ ለመቆጣጠሪያ ምልክት የሚውለው ጥቂቱ ይቀነሳል። በሞገዱ ላይ የተጨመረ ምንም ነገር የለም፤ የተጨመረው ሥርዓት ነው።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ትምህርት አለ። በመጨናነቅ ጊዜ ብዙዎች መፍትሔው ኃይል መጨመር ይመስላቸዋል። ክሎድ ሻነን የተባለው የሂሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት ይህ አስተሳሰብ ወሰን እንዳለው አሳይቷል። የአንድ መስመር አቅም በሞገዱ ስፋት ልክ ሲያድግ፣ በኃይል መጨመር ግን የሚያድገው በዝግታ ነው። ለምሳሌ የመልእክቱ ኃይል ከጫጫታው 15 እጥፍ ቢሆን በአንድ ኸርዝ በሰከንድ እስከ 4 ቢት ማሳለፍ ይቻላል። 5 ቢት ለማድረስ ግን ኃይሉ 31 እጥፍ መሆን አለበት። ኃይሉን ከእጥፍ በላይ አሳድገን ያገኘነው ሩብ ብቻ ነው፤ በጎረቤታችን ላይ ያበዛነው ጫጫታ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በአንድ አዳራሽ ሁሉም ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ማንም ማንንም እንደማይሰማ ነው።

እስከዚህ የተናገርነው መሐንዲሶች ሁሉ የሚስማሙበት ነው። ለእኛ የገጠር ሠራተኞች ግን ከዚህ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ሞገድን በአግባቡ መጠቀም የሚለካው በምንድን ነው? በአንድ ኸርዝ ስንት ቢት አለፈ ተብሎ ብቻ ከሆነ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ከተማ ነው። በከተማ ማማዎች ተቀራርበው ይቆማሉ፤ ሞገዱም በየመንገዱ እየተደጋገመ ያገለግላል። ያው ፈቃድ ለመላ ሀገሪቱ ተሰጥቶ ሳለ፣ በቆላውና በተራራው ላይ ማማ ካልቆመ፣ ሞገዱ በዚያ ጦም ያደረ መሬት ነው። ባለቤት አለው፤ አራሽ የለውም። በከተማ ጥቅጥቅ ብሎ በገጠር ጦሙን የሚያድር ሞገድ በግማሽ ብቻ እንደታረሰ ማሳ ሊቆጠር ይገባዋል እንላለን።

ተፈጥሮ ራሷም ለገጠር የሚስማማውን ሞገድ ለይታለች። የ3.5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ9 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ በዚህ አካባቢ ሰፋፊ ባንድ ስለሚገኝ ብዙ መረጃ ይሸከማል፤ ነገር ግን ግድግዳና ኮረብታ ያስቸግረዋል። የ700 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ደግሞ ርዝመቱ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሩቅ ይሄዳል፤ ጉብታንም በተሻለ ይሻገራል። ስለዚህ ዝቅተኛው ባንድ በጥቂት ማማ ሰፊ ወረዳ ለመሸፈን ይጠቅማል። ይህ ባንድ ግን ለብዙ ዘመን የቴሌቪዥን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቫ የአፍሪካ፣ የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ ሀገሮች በአንድ ውል ተስማምተው የቀድሞውን አናሎግ ቴሌቪዥን በዲጂታል ለመተካት ወሰኑ፤ የሽግግሩም ዋና ቀነ ገደብ ሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. ተብሎ ተቈረጠ። በአናሎግ ዘመን አንድ ፕሮግራም ይይዘው የነበረውን የ8 ሜጋ ኸርዝ ቻናል በዲጂታል ብዙ ፕሮግራሞች ይካፈሉታል። ከዚህ የተረፈው ባንድ ለሞባይል ኢንተርኔት እንዲውል ተፈቀደ። ቤቱን ሳያፈርሱ ዕቃውን በሥርዓት ደርድሮ ለእንግዳ ክፍል እንደ ማስለቀቅ ያለ ሥራ ነው።

ከዚህም የበለጠ ድፍረት የታየበት ሙከራ አለ። በገጠር ብዙ የቴሌቪዥን ቻናሎች ተመድበው ሳለ በአካባቢው ማንም አያሠራጭባቸውም። በማላዊ፣ ዞምባ በተባለች ከተማና በአካባቢዋ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የሀገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትና ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አጋሮች ጋር ሆነው በእነዚህ ባዶ ቻናሎች ትምህርት ቤትንና የገጠር ሆስፒታልን ከኢንተርኔት ጋር አገናኙ። በኬንያም በናንዩኪ አካባቢ በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሥራ ተጀምሯል። ባለ ቻናሉ ሲመለስ ተጠቃሚው ቦታ ይለቃል፤ እስኪመለስ ግን ሞገዱ ጦሙን አያድርም። ሌላው ያላረሰውን መሬት ባለቤቱ እስኪመጣ አልምቶ መጠበቅ ለሕዝባችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

በሀገራችን ስልክ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 እንደሆነ ይነገራል። የእጅ ስልክ በአዲስ አበባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለረጅም ዘመን አንድ ድርጅት ብቻ ሲያገለግል ቆይቶ፣ ሁለተኛው ድርጅት ፈቃዱን በ2021፣ አገልግሎቱን ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ጀመረ። ተካፋዮች ሲበዙ የውኃ አባቱ ሥራ ይከብዳል፤ የተጠቃሚውም ኃላፊነት እንዲሁ። እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፤ መልእክታችንን እንመጥን። አጭር የጽሑፍ መልእክት በሞገዱ ላይ እጅግ ጥቂት ቦታ የሚይዝ ነው፤ በጂ.ኤስ.ኤም. የሚያልፈውም በመቆጣጠሪያው መስመር ስለሆነ የንግግር ቻናሎች በተያዙ ጊዜ እንኳ መንገድ ያገኛል። አንድ መልእክት 140 ባይት ይይዛል፤ በላቲን ፊደል 160፣ በፊደላችን ሲጻፍ ግን 70 ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይሄዳል። 3 ሜጋ ባይት የሆነ አንድ ፎቶግራፍ ከ21,000 በላይ መልእክቶችን ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የእርዳታ ዝርዝርን በፎቶግራፍ አንሥቶ ከመላክ በጽሑፍ መዝግቦ መላክ ለእኛም ለጎረቤታችንም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፤ ሰዓት እንምረጥ። መረጃውን ያለ ኔትወርክ በስልኩ ላይ መመዝገብ፣ ከዚያም ማማው ጭነት በሚቀንስበት በሌሊት ወይም በማለዳ መላክ ይቻላል። ቀኑን ለአስቸኳይ ጥሪ እንተውለት። በአንድ ማማ ብቻ በሚገለገል ወረዳ የእኛ ሪፖርት የአንዲትን ወላድ ጥሪ የሚገፋ መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፤ ያልተፈቀደ የሲግናል ማጉያ ከመትከል እንቆጠብ። በገበያ የሚሸጠው መሣሪያ ለአንድ ቢሮ የደላ ቢመስልም፣ በአግባቡ ካልተሠራና ካልተተከለ ጫጫታውን ጭምር አጉልቶ ወደ ማማው ይመልሳል፤ ማማውም ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ መለየት ይሳነዋል። ለራሱ ማሳ የወንዙን አፍ የሚዘጋ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ይህን ይመስላል።

አራተኛ፤ ለመስክ ሥራ የእጅ ሬዲዮ የምንጠቀም ከሆነ ፈቃድ ባለው ፍሪኩዌንሲ ብቻ ይሁን፤ አዲስ ሲገዛም ጠባብ ቻናል የሚጠቀመው ይመረጥ። ቀድሞ 25 ኪሎ ኸርዝ ይይዝ የነበረውን ንግግር ዛሬ በ12.5 ኪሎ ኸርዝ ማስተላለፍ ይቻላል፤ በዚሁ ጠባብ ቻናል ሁለት ንግግር የሚያሳልፉ ዲጂታል ሬዲዮዎችም አሉ።

አምስተኛ፤ እንመዝግብ፣ እንናገርም። በየትኛው ቀበሌ ኔትወርክ እንደሌለ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚጨናነቅ ከመስክ ሠራተኞቻችን በተሻለ የሚያውቅ የለም። ይህ መረጃ በየሩብ ዓመቱ ተጠናቅሮ ለሚመለከተው አካል ቢቀርብ፣ ጦም ያደረው ሞገድ የት እንዳለ በማስረጃ ለማሳየት ይረዳል። ውኃ የሌለበትን ቀበሌ ቆጥረን ጉድጓድ እንደምናስቆፍር፣ ኔትወርክ የሌለበትንም ቆጥረን ማማ እንዲቆም መጠየቅ የልማት ሥራችን አካል ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ወንዝ ለሁሉ እንዲበቃ የሚያደርገው የውኃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ የተራው መከበርና የቦዩ መጠገን ነው። የሬዲዮ ሞገድም በሥርዓት ቢመራ ለከተማውም ለገጠሩም ይበቃል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ከየጽሕፈት ቤታችሁ ሁለት ነገር እንጠብቃለን፤ ኔትወርክ የማይደርስባቸውን ቀበሌዎች ዝርዝርና የመረጃ መላኪያ ሰዓታችሁን መርሐ ግብር። ዝርዝሩን በፎቶግራፍ ሳይሆን በጽሑፍ ላኩልን።