ዕዳ በመክፈል ቁማርተኛን ማዳን ይቻላልን?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ቁማር መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ደመወዙን በተቀበለ በሦስተኛው ቀን ብድር የሚጠይቅ ባልደረባ፣ የዕቁብ ዕጣ ደርሶት ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚገባ ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤታችን አለ። ከእነዚህ ሰዎች በስተኋላ ደግሞ እናት፣ ሚስት፣ ወንድምና እኅት አሉ። የዛሬው ንግግሬ በተለይ ስለ እነርሱ ነው። ታናሽ ወንድሜ በዚህ ችግር ውስጥ አምስት ዓመት የቆየ በመሆኑ ነገሩን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ይህንንም የምናገረው በእርሱ ፈቃድ ነው።

አስቀድመን ሂሳቡን እንመልከት። ዛሬ በወጣቱ ዘንድ የገነነው የእግር ኳስ ውርርድ ነው። አንድ ሰው በአንድ ትኬት አሥር ጨዋታዎችን ያዘ እንበል። የእያንዳንዱ ግምት የመሳካት ዕድል እኩል በእኩል ቢሆንና አቋማሪው ለአንድ ብር 2 ብር መክፈል ሲገባው 1.80 ቢከፍል፣ በአንድ ጨዋታ ከተያዘ 100 ብር በአማካይ 10 ብር ለአቋማሪው ይቀራል። አሥሩ ጨዋታዎች ሲጣመሩ ግን የማሸነፉ ዕድል ከ1,024 አንድ ብቻ ሲሆን፣ የሚከፈለው የተያዘው ገንዘብ 357 እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ በዚህ መንገድ ከሚገባ 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 35 ብር ብቻ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሂሳብ ውስጥ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ቁጥር አለ። ዘጠኙ ጨዋታ ተሳክቶ አንዱ ብቻ የሚበላሽበት ዕድል ከ1,024 አሥር ነው፤ ይኸውም ከማሸነፉ ዕድል አሥር እጥፍ ይበልጣል። «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለው ቃል በየቤቱ የሚደጋገመው ስለዚህ ነው። ተጫዋቹ ይህን ለድል እንደ መቃረብ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ትኬቱ የሚሠራው እንደዚሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ለመብላት በአማካይ አሥር ጊዜ ለጥቂት መሳት አለ። ስለሆነም «ነገ አስመልሰዋለሁ» የሚለው ሰው ሁልጊዜ ሆነ ብሎ እየዋሸን አይደለም፤ እርሱ ራሱ ከልቡ ያምናል።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሁኔታ በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ መድቦታል። መዝገቡ ዘጠኝ ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱ ከታዩ ሰውየው እንደ ታመመ ይቈጠራል። ከዘጠኙ አንዱ የቁማሩን መጠን ለመሸሸግ መዋሸት ነው፤ ሌላው ቁማር ካስከተለው ችግር ለመውጣት የሌሎችን ገንዘብ መጠበቅ ነው። ልብ በሉ፤ እኛ ዕዳውን ስንከፍል ርዳታ ነው የምንለው ነገር ሐኪሙ ከበሽታው ምልክቶች አንዱ አድርጎ የጻፈው ነው።

በእኛ ቤት የሆነውም ይኸው ነው። እናታችን ሦስት ጊዜ ዕዳ ከፈለች፤ በሦስተኛው ጊዜ የተሸጠው የጋብቻ ወርቋ ነበር። በየጊዜው ሽማግሌ ተቀምጧል፤ መሐላም ተፈጽሟል። መሐላው የውሸት ነበር ለማለት አልደፍርም። ሆኖም ዕዳው በተከፈለ ቁጥር አበዳሪዎቹ እንደገና ያምኑታል፤ የመበደር አቅሙ ይታደሳል፤ በመጨረሻዋ ሰዓት የሚደርስለት እጅ እንዳለም ያረጋግጣል። የሚያፈስ ታንክ ላይ ውኃ መጨመር ጥገና አይባልም።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ሰውየውንና ገንዘቡን ይለይ። ራሱ ተስማምቶ ደመወዙ በሚስቱ ወይም በሚታመን ዘመድ እጅ ይግባ፤ ለትራንስፖርትና ለምሳ የሚበቃው በየቀኑ ይሰጠው። የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬና ወርቅ ከቤት ወጥተው በአደራ ይቀመጡ። ለዕቁቡ ዳኛ ተነግሮ ዕጣው ሲወጣ ገንዘቡ ለሚስት ይሰጥ። ማንም ዘመድ ዋስ አይሁንለት። አቋማሪው ቤት ቢታሸግ እንኳ ስልኩ ከኪሱ አይለይምና፣ በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስበትም መንገድ ይታሰብበት።

ሁለተኛ፣ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከባልና ሚስት አንደኛው ያለ ሌላው ስምምነት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይሸጥ፣ ከ500 ብር በላይም እንዳይበደር ይደነግጋል። ሳይስማማ የቀረው ወገን ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ ግዴታው እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዕዳውን ባለ ዕዳው ይክፈለው። ከአበዳሪዎቹ ጋር ራሱ ተነጋግሮ፣ ዝርዝሩን አንድም ሳይሸሽግ ጽፎ፣ ከገቢው በየወሩ ይክፈል። «ልጄ ሲታሰር ዝም ብዬ ልይ?» ለምትል እናት ምንም ቀላል መልስ የለኝም። የግድ የሚከፈል ነገር ቢኖር ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀጥታ ለአበዳሪው፣ እርሱም ገንዘብ መያዙን ከተወ በኋላ ይሁን እላለሁ። ከሁሉ በፊት የሚከፈሉት የልጆች ትምህርትና የቤት ኪራይ ናቸው።

አራተኛ፣ ነፍሱ ትጠበቅ። በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች ራሳቸውን የማጥፋት ሐሳብ እንደሚያድርባቸው ሐኪሞች አበክረው ያስጠነቅቃሉ። አደጋው በተለይ ዕዳው በሚገለጥበት ሰሞን ይበረታል። ገንዘብ እንከልክለው እንጂ ማዕድና ሰላምታ አንከልክለው፤ በዘመድ ፊትም አናዋርደው። ወደ አእምሮ ሐኪም ማድረስም ጠበል ከመውሰድ ጋር አይጣላም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

በመጨረሻም ቤተሰብ ለራሱ ይናገር። ገበናን መሸፈን ባህላችን ነው፤ ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉትም የእኛው አባቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 በሎስ አንጀለስ ቁማርተኞች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር ከተቋቋመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ቤተሰቦቻቸው ለብቻቸው ሌላ ማኅበር አቋቁመዋል፤ የራሳቸው ጉዳት የራሱ መድኃኒት እንደሚያሻው ተረድተው ነበርና።

ወንድሜ ካቆመ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ዕዳው ገና አላለቀም፤ የእናታችን ወርቅም አልተመለሰም። ዳግመኛ አይጀምርም ብዬ ዋስ መሆን አልችልም፤ ለውጡ የታየው ግን ዕዳ መክፈሉ ከቀረ በኋላ መሆኑን መመስከር እችላለሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ባልደረባችሁ በየወሩ ብድር ሲጠይቃችሁ ገንዘቡን ሰጥታችሁ ወይም ከልክላችሁ ዝም አትበሉ፤ ለብቻው አስቀምጣችሁ ምን እንደ ደረሰበት ጠይቁት፤ ለቤተሰቡ በጊዜ እንዲነግርም ምከሩት። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፣ በመጀመሪያው ዕዳ ጊዜ የተነገረ እውነት በሦስተኛው ጊዜ ከሚሸጥ ወርቅ ይልቅ ቤትን ያድናል።