ለእኛም የሚሆን ዕረፍት፦ ስለ ለስላሳ ሙዚቃ ስብስቦች

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የእሑድ ሰዓት አስተባባሪ ኮሚቴ ያቀረበው ንግግር)



የዛሬውን አጀንዳ ያያችሁ አንዳንዶቻችሁ ሳትስቁ አልቀራችሁም። ከእኛ በፊት የዕቁቡ ሒሳብ ቀርቧል፣ የለቅሶ መዋጮው ቀርቧል፣ የእንግሊዝኛ ትምህርቱም ሪፖርት ተሰምቷል። ከዚያ ቀጥሎ “ስለ ለስላሳ ሙዚቃ ስብስቦች” ይላል። ባለፈው የበጀት ውይይት ላይ አንዲት እህታችን፣ “የቤት ኪራይ ያቃተን ሰዎች ሙዚቃ ለማዳመጥ አዳራሽ እንከራያለን?” ብላ ጠይቃን ነበር። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ አልተቀየምንም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የእሑዱ ሰዓት ይቀጥል ወይስ ይቅር በሚለው ላይ እጅ ታወጣላችሁ። ከዚያ በፊት ይህ ሙዚቃ ምን እንደሆነና ለምን እንደያዘን ልንነግራችሁ ፈለግን።

ሙዚቃውን አብዛኞቻችን መጀመሪያ የሰማነው ሥራ ቦታ ነው። ሆቴል የምታጸዳ ሁሉ ታውቀዋለች። እንግዶቹ ገና ሳይነሱ፣ ባልዲና መወልወያ ይዘን ስንገባ፣ ከጣሪያው ላይ ካሉት ድምፅ ማጉያዎች ቀስ ያለ ነገር ይፈስሳል። ከበሮው አይቸኩልም። ጊታር ብቅ ይልና ይጠፋል። አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ ሁለት ሦስት ቃል ብላ ትተወዋለች። ለዓመታት ስሙን አናውቀውም ነበር፤ “የሆቴል ሙዚቃ” ነበር የምንለው። በልባችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፦ ይህ የሚያርፍ ሰው ሙዚቃ ነው፤ እኛ ደግሞ ለሚያርፈው ሰው አልጋ የምናነጥፍ ነን።

ታዲያ አንድ ቀን ከመካከላችን አንዷ ከበጎ አድራጎት ሱቅ አንድ ፓውንድ ከፍላ አንድ ሲዲ ይዛ መጣች። ሽፋኑ ላይ ባሕር ላይ የምትጠልቅ ፀሐይ አለች። ከስብሰባ በኋላ ሳህን እያጠብን ከፈትነው። ሳህኑ አልቆ ዞር ስንል ሦስት እህቶቻችን ወንበር ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሦስቱም ሌሊት የሚሠሩ ናቸው። አንደኛዋ ያን ሰሞን አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ጥሏት መጨረሻው ፌርማታ ድረስ እየሄደች ትመለስ የነበረች፣ አልጋዋ ላይ ስትጋደም ግን እንቅልፍ እምቢ የሚላት ናት። አልቀሰቀስናቸውም። መብራቱን ቀነስን፣ ሲዲው ሲያልቅ እንደገና አስጀመርነው። የእሑድ ሰዓት የሚባለው ነገር የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጓጓን። ፈረንጆቹ ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ “ቺል አውት” ወይም “ዳውንቴምፖ” ይሉታል። የመጀመሪያው “ዕረፍት” እንደማለት ነው፤ ሁለተኛው ምቱ ዝግ ያለ መሆኑን ይናገራል። የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ይመታል። ይኼኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ባለው ውስጥ ነው፤ ቁጭ ያለ ሰው የልብ ምት ጋ ይቀራረባል።

የዚህ ልማድ አንዱ መነሻ እዚሁ እኛ ያለንበት ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የከተማዋ ወጣቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍሩ ያድሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ሄቨን በተባለው ጭፈራ ቤት አሌክስ ፓተርሰንና ባልደረቦቹ ከዋናው አዳራሽ ለብቻ በተለየ ክፍል ዝግ ያለ ሙዚቃ ማሰማት ጀመሩ። ላብ በላብ የሆነው፣ ጉልበቱ ያለቀበት ገብቶ ይቀመጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሙዚቃው ሲጀመር ለደከመው ሰው ነበር። ሆቴሎቹ የወሰዱት በኋላ ነው።

ሌላው መነሻ በስፔን ኢቢዛ ደሴት የሚገኘው ካፌ ዴል ማር ነው። ካፌው ሳንት አንቶኒ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተ ሲሆን ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ አዙሮ ተቀምጧል። እዚያ ሙዚቃ ያጫውት የነበረው ዲጄ ሆሴ ፓዲያ ይባላል፤ ትውልዱ ባርሴሎና ነው። ሰው ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ ሊያይ ይመጣል። እሱም ሙዚቃውን ከፀሐይዋ ጋር ያስኬደዋል። ብርሃኑ ሲለዝብ ምቱን ያለዝበዋል፣ ስትጠልቅ የሚሆነውን መርጦ ያስቀምጣል፣ ከጠለቀች በኋላም ሰዉን በዝግታ ወደ ምሽቱ ያሻግረዋል። መጀመሪያ ራሱ የቀዳቸውን ካሴቶች ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በካፌው ስም የመጀመሪያው አልበም ወጣ፤ ያሳተመውም የለንደን ኩባንያ ነበር። ከዚያ ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት እያለ ቀጠለ፤ ሌሎችም ተከተሉት። እኛ በአንድ ፓውንድ ያገኘናት ሲዲ የዚያ ዘር ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ይህ ሙዚቃ ዛሬ በየስልኩ ሞልቷል። ታዲያ የሰው ምርጫ የሆነ ስብስብ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አልበም፣ ለምን ይበልጥብናል?

እኛ ተመካክረን የደረስንበት መልስ ይህ ነው። የእያንዳንዳችን ቀን በመምረጥ ያልቃል። ልጅ ምን ይብላ፣ የትኛው ሂሳብ ይቅደም፣ አገር ቤት ለማን ይላክ፣ የትኛው ፈረቃ ይለወጥ። ሥራ ቦታም ለአዛውንቶቹ እኛው ነን የምናስብላቸው። እንግዲህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አሥራ ሁለት ሙዚቃ መርጦ፣ ከየትኛው ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ አስቦ፣ “እናንተ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ” ሲለን፣ ያ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሙዚቃው ብቻ ሳይሆን፣ የታሰበልን መሆኑ ያሳርፋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቡናችን እንዲሁ አይደለም ወይ? ቀጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሲቀዳ፣ የመጣ እንግዳ ምንም አይመርጥም። ቡና የምታፈላዋ ታውቃለች። ስኒ ከስኒ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ወሬውም አብሮት ይበርዳል። ፓዲያ ፀሐይዋን ይዞ ያደረገውን እናቶቻችን ጀበና ይዘው ሲያደርጉት ኖረዋል። ልዩነቱ አንድ ነው። ቡናውን ሁልጊዜ የምናፈላው እኛ ነን። አልበሙን ስንከፍት ግን ለአንድ ሰዓት እኛ ነን እንግዶቹ።

ስለ ድምፁ መጠንም የተማርነው አለ። ብራያን ኢኖ የተባለው እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1975 የመኪና አደጋ ደርሶበት ተኝቶ ሳለ፣ አንዲት ጓደኛው የበገና ዓይነት መሣሪያ ሙዚቃ ያለበት ሸክላ አመጣችለት። ሸክላው ሲጫወት ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር፤ እሱ ደግሞ ተነሥቶ ከፍ ማድረግ አልቻለም። ተኝቶ ሲያዳምጥ ሙዚቃው ከዝናቡ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ የክፍሉ አንድ አካል ሆነበት። በ1978 ለአውሮፕላን ማረፊያዎች የሚሆን ሙዚቃ ብሎ ያወጣው አልበም የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው። ታማሚ የምታስታምሙ እህቶች ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ዕረፍት የሚሰጠው ሙዚቃ “ስሙኝ” የማይል ነው።

ዝምታም ከዚሁ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሉቺያኖ በርናርዲ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር 24 ሰዎችን የተለያየ ሙዚቃ አሰምቶ ሰውነታቸውን መርምሯል። ምቱ ሲፈጥን ትንፋሽና የልብ ምት ጨመረ። በመሐል ሁለት ደቂቃ ዝምታ ሲገባ ግን የልብ ምቱም፣ የደም ግፊቱም ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ በእሑዳችን በሙዚቃና በሙዚቃ መካከል ክፍተት ሲኖር “ተበላሸ እንዴ?” አትበሉን። ሆን ብለን ነው።

ከዚያ የራሳችንን ስብስብ ለማዘጋጀት ተነሣን። እዚህ ላይ ስሕተታችንንም እንናገራለን። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሙዚቃ እናምጣ ተባለ። አራቱ የተዜመ ትዝታ ይዘው መጡ። የመጀመሪያው እሑድ ሁለተኛው ትዝታ ላይ ስንደርስ ግማሹ ሰው ያለቅስ ነበር። አንዲት እናታችን ተነሥተው፣ “ልጆቼ፣ ይሄ ዕረፍት አይደለም፣ ለቅሶ ቤት ነው” አሉን። ትክክል ነበሩ። ልቅሶም ቦታ አለው፤ ግን በሌላ ቀን። የሚገባን ቃል ሲመጣ ልባችን ተከትሎት ይሄዳል፤ እናት ትመጣለች፣ የቀረ ሰው ይመጣል። እነዚያ የሆቴል አልበሞች ለምን ቃል እንደሚቆጥቡ፣ ለምን በማይታወቅ ቋንቋ እንደሚያዜሙ ያን ጊዜ ገባን።

መፍትሔው ግን ከራሳችን ቤት ነበር። በአገራችን ግጥም የሌለውን፣ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወተውን ሙዚቃ “ክላሲካል” እንለዋለን። ፈረንጆቹ በዚህ ቃል የሚሉት ሌላ ነው፤ እኛ ግን እርስ በርሳችን እንግባባለን። ያው ትዝታ በዋሽንት ወይም በፒያኖ ብቻ ሲመጣ ሐዘኑ አለ፣ ግን አይጎትትም፤ አጠገብ ይቀመጣል።

እዚህም ላይ የስብስብ አልበም ውለታ አለብን። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ስም የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎችን በተከታታይ አሳትሟል። አራተኛው ቁጥር የሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ2005 የወጣው ብሮክን ፍላወርስ የተባለው የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም፣ አገራችንን በካርታ ላይ የማያውቅ ሰው ሁሉ ማዳመጥ ጀመረ። በ2006 የወጣው ቁጥር 21 ደግሞ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በስዊዘርላንድ ተምረው፣ በኋላም መንኩሰው፣ በ2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል። ከሙዚቃቸው የሚገኘውን ገቢ ለችግረኛ ልጆች እንዲውል ማድረጋቸውን ስናነብ፣ የእሑዳችን መጨረሻ የእሳቸው እንዲሆን ያለ ክርክር ተስማማን። የእሳቸውን ፒያኖ ስትሰሙ፣ ጣቶቹ የሚቸኩሉበት ቦታ የላቸውም።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ልናጋንን አንፈልግም። ሙዚቃ የቤት ኪራይ አይከፍልም። የሌሊት ፈረቃን ቀን አያደርግም። የእንቅልፍ ችግሯ የጠናባትን እህት ሐኪም እንድታይ አብረናት ሄደናል፤ በሲዲ አልሸነገልናትም። የጠየቅነውም ብዙ አይደለም፦ በሳምንት አንድ ሰዓት የአዳራሽ ኪራይ፣ ሻይ፣ ጥቂት ፍራሽና ትራስ። ልጆቹን በጎን ክፍል የሚጠብቁ ፈቃደኞች አሉን።

ያየነውን ግን እንመሰክራለን። እዚህ መጥተው “እኔ ማረፍ አልችልበትም” ያሉ ነበሩ። እጃቸው ሥራ ይፈልጋል፤ አንዷ እንደውም ትራሱን ሁሉ ስታስተካክል ሰዓቱ አለቀባት። በአራተኛው እሑድ ጫማዋን አወለቀች። በስድስተኛው ተጋደመች። አውቶቡስ ላይ የሚወስዳት እህታችንም አሁን አልበሙን ቤቷ ታስቀምጠዋለች፤ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ እንቅልፍ የሚወስዳት ቀን በዝቷል ትለናለች።

ለጠየቀችን እህታችን መልሳችን ይኸው ነው። እንረዳዳ ብለን ማኅበር ስናቋቁም፣ ሲሞት ልንቀብር፣ ሲታመም ልንጠይቅ፣ ሲቸግር ልናዋጣ ተማምለን ነበር። ሳይታመምና ሳይሞት በፊት የደከመውን ሰው ግን በደንባችን ውስጥ አልጻፍነውም። የሰው አልጋ ስናነጥፍ የምንሰማው ሙዚቃ፣ በሳምንት አንዴ ለእኛም ቢከፈት ከቅንጦት ሊቆጠር አይገባም እንላለን።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሙዚቃ እናሰማችኋለን። ስድስት ደቂቃ አይሞላም። ስልካችሁን ዝጉልን፣ ቦርሳችሁን መሬት አስቀምጡ። ሻዩን እኛ እንቀዳለን፤ ማንም እንዳይነሣ።