ጸበሉም፣ ጤና ጣቢያውም

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ለወራት እንቅልፍ አጣሁ። ለቀስተኛው ተበትኗል፣ የእድሩም ድንኳን ተነቅሏል። እንጦጦ ማርያም ጸበል ተመላለስኩ። የንስሐ አባቴም ያለ ምንም ክፍያ ቁጭ ብለው ሰሙኝ። «ልጄ፣ ጸበሉን አትተዪ፤ ጤና ጣቢያም ሂጂ» ሲሉኝ ግን ደነገጥኩ፤ አንዱን ምረጪ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። «አማኑኤል ሄደች» እንዳልባልም ሰጋሁ።

የገንዘቡን ነገር ልንገራችሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ደብተር ያላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሩ። ወደ ሆስፒታል ከላኳችሁ የሪፈር ወረቀቱን ሳትይዙ እንዳትሄዱ። እኔ ችኩሏ ዝም ብዬ ሄጄ ከኪሴ ከፍያለሁ። መድኃኒቱን ስጀምር ደግሞ በሳምንቱ ለውጥ ባጣ ልተወው ነበር፤ እንቅልፌ የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው።

ብቻዋን መሄድ የከበዳት ካለች ትንገረኝ፤ ወረፋው ላይ አብሬያት እቀመጣለሁ።