ሰንጢያችን ቶሎ እንዲከፈት ምን እናድርግ?

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንድ የብረት ሥራ ባለሙያ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ፣ ስለ ሰንጢ ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ስብሰባ ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን ሰንጢ የብዙዎቻችን የኪስ መሣሪያ ነው። ብርቱካን ይላጥበታል፤ ገመድ ይቆረጥበታል፤ የመብራት ሠራተኛው የሽቦ ልባስ ይገፍበታል፤ ጫማ ሰፊው ቆዳ ይቀድበታል።

ሰሞኑን ታዲያ አንዳንድ ወጣቶቻችን ሰንጢያቸውን ይዘው ወደ መፍጫ ሲሮጡ እናያለን። የሚፈልጉት በአንድ እጅ፣ ከተቻለም እጅን ወርወር በማድረግ ብቻ «ጧ!» ብሎ እንዲከፈትላቸው ነው። ፍላጎታቸውን አልነቅፍም። አንድ እጁ መሰላል ለያዘ ሠራተኛ ቶሎ የሚከፈት ሰንጢ ይጠቅመዋል። እኔ የምናገረው ስለ መንገዱ ነው። ጣት የሚያስቆርጥ መንገድ አለ፤ ጣት የማያስቆርጥም አለ።

አንደኛ፤ ሰንጢ እንዴት ይሠራል?

ተራው ሰንጢ ሦስት ዋና ዋና ነገሮች አሉት። እነሱም ስለቱ፣ ስለቱ የሚዞርበት ሪቬት፣ በእጀታው ጀርባ የተጋደመው ሞላ ናቸው። ሞላው ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ብረት ሲሆን የስለቱን ሥር ሁልጊዜ ይጫነዋል። ስንከፍት ሞላው ትንሽ ከፍ ይልና ስለቱ ተዘርግቶ ሲያበቃ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ስንዘጋም እንዲሁ ነው። በጥፍራችን ስንስበው የሚያስቸግረን ጥንካሬ እንግዲህ ይኸው የሞላው ግፊት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ተራው ሰንጢ ሌላ መቆለፊያ የለውም። በሥራ ላይ ሳለን ስለቱ ተመልሶ ጣታችን ላይ እንዳይታጠፍ የሚይዘው ያው ሞላ ብቻ ነው። ሞላውን ሞርዶ ያሳሳ ሰው ሰንጢውን አፈጠነ፤ እውነት ነው። ግን ለመከፈት ብቻ ሳይሆን ለመዘጋትም ነው ያፈጠነው።

ሁለተኛ፤ ታዲያ ምን እናድርግ?

«ጠጠረብኝ» ተብለው ከሚመጡልኝ ሰንጢዎች አብዛኞቹ ቆሽሸው እንጂ ተበላሽተው አይደለም። የኪስ ብናኝ፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ የደረቀ ዘይትና ዝገት መታጠፊያው ውስጥ ተጋግሮ ይገኛል። መድኃኒቱም ቤታችን ውስጥ ነው።

1. ሰንጢውን ክፈቱና የስለቱን አፍ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ። ከዚያ መታጠፊያውን ለብ ባለ የሳሙና ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። ብሩሽ የማይደርስበትን በስንጥር አውጡት። እጀታው እንጨት ከሆነ ግን ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። አሮጌ ዘይት ደርቆ ከተጣበቀ ጥቂት የላምባ ጠብታ ያላቅቀዋል። ይኼን ስታደርጉ ከእሳት ራቁ፤ ደጅ ላይ ይሁን።

2. በጨርቅ አድርቁት፤ ቀጥሎም ጥቂት ፀሐይ ላይ አቆዩት። ውስጡ ውኃ ከቀረ ነገ ዝገት ነው።

3. መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አድርጉ። አንድ ጠብታ ብያለሁ። ከዚያ በቀስታ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ጥቁር እድፍ ይወጣል፤ ጠርጋችሁ ድገሙት። የሚወጣው ዘይት ንጹሕ ሲሆን ሥራው አለቀ። ምግብ የምትቆርጡበት ከሆነ ስለቱን አጥባችሁ አድርቁት። የወጥ ዘይት ግን አትጠቀሙ። አየር ሲያገኘው ይወፍርና እንደ ሙጫ ይሆናል፤ አቧራም ይሰበስባል።

4. አንዳንድ ሰንጢ በሪቬት ፋንታ ብሎን አለው። እሱን በካቻቢቴ ማላላት ይቻላል፤ ግን ከሩብ ዙር ባነሰ፣ በጥቂት በጥቂቱ። ስለቱ ወደ ጎን መወዛወዝ ከጀመረ አልፋችኋል ማለት ነውና መልሳችሁ አጥብቁ።

ሲጨረስ ፈትኑት። ሰንጢውን ዝጉና ስለቱ የሚወጣበትን በኩል ወደ መሬት አዙራችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ስለቱ ንቅንቅ ካላለ ደህና ነው። ከወጣ ግን ያ ሰንጢ ኪስ ውስጥም ይወጣል ማለት ነው። ኪስ ውስጥ ደግሞ ታፋ አለ፤ እጃችንንም የምንከተው እዚያው ነው።

ሦስተኛ፤ ከሰንጢ ሠሪዎች ምን እንማር?

በፈረንሳይ አገር ሳቯ በሚባለው ተራራማ አውራጃ ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ ሠራ። እስከ ዛሬም ይሠራል። ይህ ሰንጢ የጀርባ ሞላ የለውም። በ1955 ግን ስለቱን የሚቆልፍ ዞሮ የሚገጥም የብረት ቀለበት ተጨመረለት። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ይጨብጠዋል። የአገሩ ሰዎች ታዲያ አልሞረዱትም። ቀለበቱን ከፈት አድርገው የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ቆጥ ያደርጉታል። ስለቱ ብቅ ሲል በጣት ይያዛል። «የሳቯ ሰው ምት» ይሉታል። ቶሎ መክፈት ማለት አንዳንዴ ብረቱን መለወጥ ሳይሆን አያያዙን ማወቅ ነው።

የስዊስ ወታደር ከ1961 ጀምሮ የያዘው ሰንጢ በጥፍር የሚከፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጣው አዲሱ ሞዴል ግን ስለቱ ላይ ቀዳዳ ስላለው በአውራ ጣት፣ በአንድ እጅ ይከፈታል። ሆኖም ሠሪዎቹ ቀዳዳውን ብቻ አልጨመሩም፤ ስለቱን የሚቆልፍ ነገርም አብረው አስገቡ። ፋብሪካው ፍጥነት ሲጨምር ጥበቃም ይጨምራል። እኛ በቤታችን ሞላ ስንሞርድ ግን ፍጥነቱን የምንገዛው ጥበቃውን ሸጠን ነው። ስለዚህ በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ተሠርቶ የመጣውን፣ መቆለፊያ ያለውን ይግዛ።

አራተኛ፤ ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

ሞላውን መሞረድም ሆነ ማጉበጥ የለም፤ ምክንያቱን ተናግሬአለሁ። ሪቬቱን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ማላላትም አይገባም፤ ስለቱ ይወላገድና ሲዘጋ እጀታውን ይመታል።

ግራይንደር ላይ ማስያዝም እንደዚሁ። ስለት ውኃ የጠጣ ብረት ነው። ግራይንደር ላይ ሲግል መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ሰማያዊ ቀለም ያወጣል። ሰማያዊ ካየን የስለቱ ጥንካሬ ወርዷል። ከእንግዲህ ቢሳልም ስለት አይዝም።

ሌላም ብልሃት መጥቷል። ስለቱ ላይ ሽቦ ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ አስረው፣ ሰንጢው ከኪስ ሲወጣ ማሰሪያው የኪሱን ጠርዝ ይዞ ስለቱን እንዲዘረጋው ያደርጋሉ። አስቡት እንግዲህ፤ ስለቱ ገና ከኪስ ሳይወጣ ተዘርግቶ በታፋና በጣት መካከል ያልፋል ማለት እኮ ነው!

አምስተኛ፤ የሕግ ነገር

ብዙዎቻችን ውጭ አገር ልጅ ወይም ዘመድ አለን፤ ሰንጢም በስጦታ እንልካለን። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ሕግ ቁልፍ ሲጫኑት ወይም ሲወረውሩት የሚከፈት ሰንጢ መሥራትና መሸጥ ከልክሏል። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2021 ወዲህ ቤት ውስጥ ማስቀመጡም ተከልክሏል። በኒው ዮርክም በእጅ ውርወራ ሊከፈት የሚችል ሰንጢ የያዘ ሰው ይከሰስ ነበር። ሕጉ በ2019 እስኪሻር ድረስ ተራ የሥራ ሰንጢ ኪሳቸው የተገኘባቸው ብዙ ሠራተኞች ታስረዋል። እዚህ ለቀልድ የላላ ብሎን ሌላ አገር ስሙ ሌላ ነው። ሰንጢ ይዞ የሚሄድ መንገደኛም በሚጫነው ሻንጣው ውስጥ ይክተተው እንጂ ወደ አውሮፕላን በእጁ ይዞ አይግባ።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁን «ሰንጢ አትንኩ» ብላችሁ ብቻ አትተዉአቸው። አጠባቡንና ዘይት አደራረጉን አሳዩአቸው። መሣሪያን መንከባከብ የተማረ ልጅ መሣሪያን ያከብራል። እናንተ ወጣቶችም «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለውን አትርሱ። ሰንጢ በሁለት እጅ ለመክፈት የሚፈጀው ሁለት ሰከንድ ነው። የተቆረጠ የጣት ጅማት ግን ለወራት ሥራ ያስፈታል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይታጠፍም።

ሰንጢው የጠጠረበት ሰው ከመሞረዱ በፊት ወደ እኔ ያምጣው። ብሩሹም ዘይቱም አለኝ፤ አብረን እናጥበዋለን።